ቪጋን ለመሆን ላሰበ ሰው፦ ከምክንያቱ እስከ ሳህኑ

ሰው ቪጋን የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ህሊናው ስለጠየቀው ነው። ሲተወው ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ድካም፣ ቶሎ ቶሎ መራብ፣ የሆድ መነፋት፣ "ከሳህ እኮ፣ ምን ሆነሃል?" የሚል ቤተሰብ። ስለ እንስሳት ያለው አቋም ያው ነው። ችግሩ ሥጋውንና ወተቱን ሲያወጣ በቦታቸው ምንም አለማስገባቱ ነው። ስለዚህ ለምን እንደምትተዉና በምትኩ ምን እንደምትበሉ አብራችሁ ወስኑ። እኔም እዚህ አልለያያቸውም።

ለመግባባት ያህል፦ ቪጋን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ማርም አይበላም። ቬጀቴሪያን ወተትና እንቁላል ሊበላ ይችላል። ከታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ምክንያታችሁን ጻፉት

ወረቀት ላይ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ቀልድ አይደለም። የምትከተሉትን ሕግ የሚወስነው ምክንያታችሁ ነው።

"ለጤናዬ" ካላችሁ መቶ በመቶ ቪጋን መሆን ግዴታ የለባችሁም። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል ማብዛት ብዙ ርቀት ይወስዳችኋል። ደግሞም ቪጋን ሁሉ ጤናማ አይደለም። የተጠበሰ ድንችና ለስላሳ መጠጥም ቪጋን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለዓመታት ሲካሄድ የቆየው ኤፒክ-ኦክስፎርድ የተባለ ጥናት በ2019 ያወጣው ውጤት ሁለት ገጽ አለው። ቪጋኖችን ጨምሮ ሥጋና ዓሣ የማይበሉት ሰዎች በልብ የደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሥጋ በላዎቹ በ22 በመቶ ያነሰ ነበር። በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ግን በ20 በመቶ የበለጠ ነበር። እንዲህ ያለ ጥናት ሰዎችን ይከታተላል እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም። ያም ሆኖ "ቪጋን ሁኑ፣ በሽታ አይነካችሁም" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አስታውሱት።

"ለአካባቢ" ካላችሁ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ119 አገሮች ወደ 38,700 የሚሆኑ እርሻዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው ከዓለም የእርሻ መሬት፣ ግጦሹን ጨምሮ፣ 83 በመቶው የሚውለው ለእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ከዚያ ሁሉ መሬት የምናገኘው ግን 18 በመቶ ካሎሪና 37 በመቶ ፕሮቲን ነው። በዚህ ሂሳብ መጀመሪያ የሚቀነሰው የበሬና የበግ ሥጋ ነው። ዶሮና እንቁላል ቆይተው ይመጣሉ።

"ለእንስሳቱ" ካላችሁ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ የአንድ በሬን ያህል ሥጋ ለማግኘት ብዙ ዶሮ ይታረዳልና።

ደረጃ 2፦ ክርክሩን እስከ ጫፉ ተከተሉት

በ1789 እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም ስለ እንስሳት ሲጽፍ ዋናው ጥያቄ ማሰብ ወይም መናገር መቻላቸው ሳይሆን መሰቃየት መቻላቸው ነው አለ። ክርክሩ ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ከሱ በኋላ የመጡት ግን ሁለት መንገድ ይዘዋል። ፒተር ሲንገር የስቃዩን መጠን ይመዝናል። ቶም ሪገን ደግሞ እንስሳው የራሱን ሕይወት የሚኖር ስለሆነ ጨርሶ መገልገያ ሊሆን አይገባም ይላል።

ልዩነቱ የፍልስፍና ክፍል ወሬ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤታችሁ ሰፊ ግቢ ውስጥ ስትጭር የምትውል ዶሮ አለቻት፤ እንቁላል ሰጠቻችሁ። ትበላላችሁ? በመጀመሪያው መንገድ መልሱ "ይታያል" ነው። በሁለተኛው "አይ" ነው። የትኛው እንደሚያሳምናችሁ ቀድማችሁ እወቁ። አለዚያ በየማዕዱ እንደ አዲስ ትከራከራላችሁ።

ሥጋ ትቶ አይብና እንቁላል እጥፍ የሚያደርግ ሰው አለ። ለእንስሳት ብሎ ከሆነ ነገሩን ቀረብ ብሎ ቢያየው ጥሩ ነው። ላም ወተት የምትሰጠው ስትወልድ ነው። በአብዛኞቹ ትልልቅ የወተት እርሻዎች ጥጃው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከእናቱ ይለያል። ወንድ ከሆነ ወተት አይሰጥም፤ ቶሎ ይታረዳል ወይም ለሥጋ ይደልባል። እናቱም ወተቷ ሲቀንስ ወደ ቄራ ትሄዳለች። የእንቁላሉ ደግሞ ይብሳል። ለእንቁላል የተዳቀለ የዶሮ ዝርያ ወንድ ጫጩት እንቁላል አይጥል፣ ለሥጋም ቶሎ አያድግ። ስለዚህ በተፈለፈለበት ቀን ይገደላል። ጀርመን ይህን ከ2022 መግቢያ ጀምሮ በሕግ ከልክላለች። እዚያ አሁን ጾታው ገና እንቁላሉ ውስጥ እያለ የሚለይበት መሣሪያ አለ። ይህን ያወቀ ሰው ወተትና እንቁላል "ሞት የሌለበት ምግብ" ነው ማለት ይከብደዋል።

ተቃውሞዎቹንም በቅንነት ስሟቸው። "ዕጽዋትም ሕይወት አላቸው" የሚለው ቀላል ነው። ዕጽዋት የነርቭ ሥርዓት የላቸውም። ቢኖራቸው እንኳ አንድ ከብት እስኪታረድ የሚበላው ተክል ሰው በቀጥታ ቢበላ ከሚበቃው እጅግ ይበልጣል። "ማሳ ሲታጨድ አይጥና ወፍም ይሞታል" የሚለው ግን ከባድ ነው። እኔ በበኩሌ እቀበለዋለሁ። ከሞት ፍጹም ንጹሕ የሆነ ሳህን የለም። የመኖው እህልም ከማሳ ስለሚታጨድ ሂሳቡ አሁንም ወደ ዕጽዋት ቢያደላም፣ ቪጋኑ ግን ጉራውን መቀነስ አለበት። "ግጦሽ መሬት ሁሉ አይታረስም" የሚለውም እውነት አለው። ነገር ግን በገፍ የሚረቡት ዶሮና አሳማ የሚበሉት ሣር ሳይሆን በቆሎና አኩሪ አተር ነው። ለነሱ ይህ ክርክር አይሠራም።

በ1944 እንግሊዝ ውስጥ ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ የመሠረቱት የቪጋን ማኅበር ዛሬ በሚጠቀምበት ትርጓሜ ውስጥ "በተቻለና ሊተገበር በሚችል መጠን" የሚል ሐረግ አለ። ይህ ሐረግ ብዙ ሰው ከመጨናነቅ ያድናል። የመድኃኒታችሁ ሽፋን ጄላቲን (ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ) ቢሆን መድኃኒቱን አታቁሙ። ፋርማሲስቱን ሌላ ዓይነት እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ ዋጡት፣ በቃ።

ደረጃ 3፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቫይታሚን ቢ12 ውሰዱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ድርድር የለውም።

ቢ12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። እንስሳቱ ከባክቴሪያ ወይም ከመኖ ያገኙታል፤ እኛ ደግሞ ከእንስሳቱ። ዕጽዋት ውስጥ የሚታመኑበት ያህል የለም። የሚገርመው፣ የቪጋን ማኅበሩ ሲመሠረት ቫይታሚኑ ራሱ ገና አልታወቀም ነበር። ተለይቶ የወጣው በ1948 ነው። የመጀመሪያዎቹ ቪጋኖች ምን እንደጎደላቸው ሳያውቁ ነበር የኖሩት። እኛ ያ ምክንያት የለንም።

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው በአሜሪካው መመሪያ 2.4 ማይክሮግራም ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን አንጀት በአንድ ጊዜ በአግባቡ መቀበል የሚችለው 2 ማይክሮግራም እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ ካለው የሚገባው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አወሳሰዱ የሚለያየው ለዚህ ነው። የቪጋን ማኅበሩ ምክር ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ነው፦

– ቢ12 የተጨመረበት ምግብ (የአኩሪ አተር ወተት፣ የቁርስ እህል) በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ ቢያንስ 3 ማይክሮግራም፤
– በቀን አንድ ጊዜ 10 ማይክሮግራም እንክብል፤
– በሳምንት አንድ ጊዜ 2000 ማይክሮግራም እንክብል።

እኔ የምመርጠው የዕለቱን እንክብል ነው። ምግብ ይቀያየራል፣ የሳምንቱ ይረሳል። የጥርስ ብሩሻችሁ አጠገብ አስቀምጡት።

"ስፒሩሊና (አልጌ መሳይ አረንጓዴ ዱቄት) እወስዳለሁ" የሚል አለ። ስፒሩሊና ውስጥ በብዛት ያለው ቢ12ን የሚመስል፣ ለሰውነት ግን የማይሠራ ነገር ነው። "ስድስት ወር ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም" የሚልም አለ። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ሊይዝ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው እሱ ሲያልቅ ነው። አመጣጡም ቀስ ብሎ ነው። እጅና እግር መደንዘዝ፣ ውርር ማድረግ፣ የምላስ መቁሰል፣ መርሳት፣ ድካም። ሌላም ወጥመድ አለ። ቪጋን በአትክልትና በጥራጥሬ ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን በብዛት ያገኛል። ፎሌት በቢ12 እጥረት የሚመጣውን የደም ማነስ ሊሸፍነው ይችላል፤ የነርቭ ጉዳቱ ግን ከሥር ይቀጥላል። ከዘገየ ደግሞ የማይመለስ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ ባወጣችሁት ቦታ ጥራጥሬ አስገቡ

የተለመደው አበላል ላይ ሥጋው ይነሳል፤ ሩዙና አትክልቱ ይቀራል። እንዲህ የሚበላ ሰው ቢራብ አይገርምም። ሥጋው በወጣበት ቦታ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ቦሎቄ ወይም ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ፣ አይብ የሚመስል) መግባት አለበት። በየዋናው ምግብ፣ በየቀኑ።

ፕሮቲን ለአዋቂ በኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው የሚባለው። የዕጽዋት ፕሮቲን መፈጨቱ ትንሽ ስለሚያንስ 1 ግራም ብታስቡ ይሻላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 60 ግራም ማለት ነው። እስቲ አንድ ቀን እናስላ። ጠዋት 60 ግራም አጃ በአንድ ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት፣ ከላዩ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ፦ ወደ 22 ግራም። ምሳ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ከአንድ ኩባያ ሩዝ ጋር፦ ወደ 23። ማታ 100 ግራም ጠንካራ ቶፉ፣ አትክልት፣ ሁለት ቁራጭ ያልተፈተገ ስንዴ ዳቦ፦ ወደ 20። ሞልቷል። አሁን ምስሩንና ቶፉውን አውጡና እንደገና ደምሩ። ወደ 30 ግራም ከእጃችሁ ይወጣል።

ጥራጥሬው የሚያስፈልገው ለብዛቱ ብቻ አይደለም። ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አንዱ) እህል ውስጥ ትንሽ፣ ጥራጥሬ ውስጥ ብዙ ነው። ሁለቱን በአንድ ማዕድ ማጣመር ግዴታ ነው ይባል ነበር። አይደለም፤ በቀኑ ውስጥ ሁለቱም ከተበሉ ሰውነት ያቀናጃቸዋል። የአኩሪ አተር ወተትን በሩዝ ወይም በአልሞንድ ወተት ስትቀይሩ ግን መለያውን እዩ። አንዳንዱ በኩባያ 1 ግራም ፕሮቲን ብቻ ነው ያለው።

ስለ አበሳሰሉ ትንሽ። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ቀቅሉት። ሆድ መንፋቱን ይቀንሳል፤ አይረንና ዚንክ ሰውነት እንዲቀበልም ይረዳል። ቀይ ቦሎቄ ላይ ግን ጥንቃቄ ይጨመር። ጥሬው ውስጥ ሌክቲን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን አለ፤ ጥቂት ፍሬ እንኳ በኃይል ሊያስመልስ ይችላል። መርዙ የሚጠፋው ቦሎቄው ሲንተከተክ ነው፦ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ 30 ቢሆን ይመረጣል። በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ጥሬውን አትክተቱት። ውሃው ሳይፈላ ቦሎቄው ብቻ ይለሰልሳል፤ የበሰለ ይመስላል፣ መርዙ ግን አለ።

ጥራጥሬ ለማይበላ ሆድ በአንዴ ትልቅ ሳህን ፈተና ነው። ከምስር ጀምሩ፣ በጥቂት ማንኪያ፣ በሳምንታት እያሳደጋችሁ። ውሃም ጠጡ። ሳታስቡት ከከሳችሁ ደግሞ ምግቡ ብዙ ቦታ ይዞ ካሎሪው ትንሽ ሆኗል ማለት ነው። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ አቮካዶና ዘይት ጨምሩ።

ደረጃ 5፦ የሚያፈተልኩትን ተከታተሉ

ካልሲየም ላይ ብዙ ቪጋን ይዘናጋል፤ ስለዚህ በሱ ልጀምር። ያው የኤፒክ-ኦክስፎርድ ጥናት በ2020 እንዳወጣው ቪጋኖቹ አጥንት የመሰበር ዕድላቸው ከሥጋ በላዎቹ በ43 በመቶ ይበልጥ ነበር። የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ ከእጥፍ በላይ። የሚወስዱት ካልሲየምና ፕሮቲን ሲታሰብ ልዩነቱ በጥቂቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። አዋቂ በቀን 1000 ሚሊግራም ያህል ያስፈልገዋል። ስፒናች እንዳያታልላችሁ። ካልሲየም አለው፤ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚይዘው ግን ሰውነት የሚቀበለው 5 በመቶ ገደማ ነው። ጎመንና ብሮኮሊ በጣም ይሻላሉ። ከሁሉም የሚቀለው በካልሲየም የረጋ ቶፉና ካልሲየም የተጨመረበት የዕጽዋት ወተት ነው። ወተቱን ከመቅዳታችሁ በፊት በደንብ ናጡት። ካልሲየሙ ይዘቅጣል፤ ሳትንጡ ከጠጣችሁ ዋናው ነገር ካርቶኑ ሥር ይቀራል። ከዚያ በተረፈ ክብደት አንሱ፣ ደረጃ ውጡ። አጥንት ጭነት ይፈልጋል።

አይረን በዕጽዋት ውስጥ አይጠፋም። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ከ6 ሚሊግራም በላይ አለው። ግን ዓይነቱ በቀላሉ የማይገባ ነው። የአሜሪካው መመሪያ ሥጋ የማይበላ ሰው 1.8 እጥፍ ያስፈልገዋል የሚለው ለዚህ ነው። የወር አበባ የምታይ ሴት ከ18 ወደ 32 ሚሊግራም ገደማ ትወጣለች። መፍትሔው ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ብርቱካን ከምስሩ ጋር መብላት ነው። ሻይና ቡና ደግሞ ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቁ። የአይረን እንክብል ሳትመረመሩ አትጀምሩ፤ ሲበዛም ይጎዳል።

አዮዲን ለታይሮይድ ነው፤ በቀን 150 ማይክሮግራም። አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ጌጠኛው ሮዝ ጨው አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን አልተጨመረበትም። ኬልፕ የሚባለው የባሕር አረም ደግሞ ከልክ በላይ ሊሆን ስለሚችል በየቀኑ አትብሉት። ለኦሜጋ-3 በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በቂ ነው። ያልተፈጨው እንደገባ ይወጣል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ከአልጌ የተሠራውን የዲኤችኤ (አንዱ የኦሜጋ-3 ዓይነት) ዘይት ስለመውሰድ ሐኪም ጠይቁ። ዓሣውም ኦሜጋ-3ን የሚያገኘው መነሻው ከአልጌ ነው። ፀሐይ የማያገኝ ሰው የቫይታሚን ዲ እንክብል ያስፈልገዋል። ዲ3 ብዙውን ጊዜ ከበግ ፀጉር ቅባት ይሠራል፤ ድንጋይና ዛፍ ላይ ከሚበቅለው ላይከን የሚሠራ የቪጋን ዓይነትም አለ።

ደረጃ 6፦ መለያ ማንበብና ማዕድ መካፈል

በመለያው ላይ ጄላቲን፣ ኬዚንና ዌይ (የወተት ፕሮቲኖች)፣ ኢ120 (ከነፍሳት የሚሠራ ቀይ ቀለም) እና ኢ904 (ሼላክ፣ ከነፍሳት የሚገኝ ማስዋቢያ ሽፋን) ካያችሁ ከእንስሳት ወይም ከነፍሳት ነው። "የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል" የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን ለአለርጂ ሰዎች ነው። እኔ ለሥነ ምግባር ብዬ እሱን አልቆጥረውም።

ሰው ቤት ስትጋበዙ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ አንድ ድስት ለሁሉም የሚሆን ነገር ሠርታችሁ ውሰዱ። ማዕድ ላይ ስለ ቄራ አታውሩ። የጠየቃችሁ ሰው ካለ ከምግብ በኋላ አጫውቱት።

ደረጃ 7፦ ብቻችሁን የማትገቡበትን እወቁ

የባለሙያ ማኅበራት እዚህ ላይ አልተስማሙም ነበር። በ2016 የአሜሪካው የሥነ ምግብ አካዳሚ በሚገባ የታቀደ የቪጋን አመጋገብ ለየትኛውም ዕድሜ ይሆናል ሲል፣ በዚያው ዓመት የጀርመኑ የሥነ ምግብ ማኅበር ለነፍሰ ጡር፣ ለሚያጠቡ፣ ለሕፃናትና ለታዳጊዎች አልመክርም አለ። ከሁለቱም የምወስደው "በሚገባ የታቀደ" የሚለውን ነው። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባና ልጅ የምታሳድግ ሴት ከሐኪም ጋር ትሥራ። የምታጠባ እናት ቢ12 ካጠራት ወተቷም ቢ12 ያጥረዋል፤ ጨቅላው ነርቩ ሊጎዳ ይችላል። ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ተራ የአኩሪ አተር ወይም የአልሞንድ ወተት የጡት ወተት ምትክ አይሆንም። ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀ ፎርሙላ ነው የሚያስፈልገው።

ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የምትወስዱ ከሆነ ጎመን በድንገት አታብዙ፤ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቀይረዋል። የስኳር በሽታ መድኃኒቱ ሜትፎርሚን የቢ12ን መጠን ሊቀንስ ይችላል። ኩላሊታችሁ የታመመ ከሆነ ጥራጥሬውን ከማብዛታችሁ በፊት ፖታሲየሙን አስለኩ። ከምግብ ጋር ጤናማ ያልሆነ ግንኙነት የነበረው ሰው ደግሞ "አልበላም" የሚለው ዝርዝር ለምን እየረዘመ እንደሆነ ከባለሙያ ጋር ይየው።

ደረጃ 8፦ ተመርመሩ

ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ፣ ከዚያ ከዓመት በኋላ። ሙሉ የደም ምርመራ፣ ቢ12፣ ፌሪቲን (የአይረን ክምችት መለኪያ) እና ቫይታሚን ዲ። ቢ12 እንክብል የምትወስዱ ከሆነ የደሙ ቁጥር ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ የመደንዘዝ ምልክት ካላችሁ ቢ12 ሰውነት ውስጥ በአግባቡ መሥራቱን የሚያሳየውን ኤምኤምኤ የሚባል ምርመራ ጠይቁ። አንዱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ መጠኑን ከሐኪም ጋር አስተካክሉና ከሦስት ወር በኋላ ድገሙ። ፌሪቲኑ ዝቅ ያለበት ሰው ወንድ ወይም የወር አበባ ያቆመች ሴት ከሆነ ግን ምግቡን ወቅሶ መተው አይገባም። ከሆድና ከአንጀት የሚፈስ ደም አለመኖሩን ሐኪም ያረጋግጥ።